አቧራና አለርጂን ለመቀነስ፦ የቤት አየር ማጣሪያ አመራረጥና አጠቃቀም

በበጋ ወራት አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ማታ በጣት ይጻፍበታል። የግንባታው አቧራ፣ የኮረኮንቹ ብናኝ፣ የናፍጣው ጭስ ሁሉ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ቤት ውስጥ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ጉዳዩ የጽዳት ብቻ አይሆንም፤ ሌሊቱ በማስነጠስና በማሳል ያልፋል። የአየር ማጣሪያ ማሽን እዚህ ላይ በእርግጥ ይረዳል።

ነገር ግን የሚችለው አንድ ሥራ ነው፦ አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ስቦ ፊልተሩ ላይ ማስቀረት። ምንጣፍ ላይ የተኛውን፣ ፍራሽ ውስጥ የገባውን፣ ቁምሳጥን አናት ላይ የተከመረውን አይደርስበትም። «ገዛሁት፣ ግን ምንም ለውጥ አላየሁም» የሚል ሰው ቤት ቢሄዱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያገኛሉ፦ በርና መስኮቱ ክፍት ነው፣ ማሽኑ ለክፍሉ ያንሳል፣ ወይም ድምፁ ስለረበሻቸው ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አድርገውታል።

1. የሚያስቸግርዎትን ነገር ይለዩ

ሁሉም አለርጂ አምጪ ነገር አየር ላይ እኩል አይቆይም። ከድመት ቆዳና ምራቅ የሚወጣው ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ ለማሽኑ የሚመች ነው። የናፍጣና የማገዶ ጭስም እንዲሁ። የአበባ ብናኝ ግን ትልቅ ነው፤ አብዛኛው ከ10 እስከ 100 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለሚደርስ ቶሎ ወለል ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዋናው ነገር እንዳይገባ መከልከል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖች በሚያዝያ መኪናቸው ላይ የሚያዩት ቢጫ ዱቄት ይኸው ነው፤ በዚያ ወቅት መስኮት ዘግቶ፣ ከውጭ የገቡበትን ልብስ መኝታ ቤት ሳያስገቡ ማሽኑን ማስነሳት ይሻላል።

አስቸጋሪው ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ነፍሳት ናቸው። አለርጂ የሚያስነሳው ኩሳቸው ከባድ ስለሆነ አየር ላይ የሚወጣው አልጋ ሲነጠፍና ብርድ ልብስ ሲራገፍ ነው፤ ከዚያም በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ማሽን ብቻውን እዚህ ላይ ብዙ አይፈይድም። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ፍራሹንና ትራሱን ዚፕ ባለው ጥቅጥቅ ሽፋን መሸፈን ይበልጣል። እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲሆን አይመቻቸውም፤ እናቶቻችን ፍራሽ ፀሐይ ላይ የሚያወጡት በከንቱ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ሻጋታ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚያፈሰው ጣሪያ ወይም ቧንቧ ይጠገን።

2. ክፍሉን ለክተው ይግዙ

ማሽን የሚመረጠው በመልኩ ወይም በስልክ በመታዘዙ ሳይሆን በሰዓት በሚያወጣው ንጹህ አየር መጠን ነው። ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር (CADR) ተብሎ በሜትር ኩብ በሰዓት ይጻፋል፤ የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ በኪዩቢክ ፊት በደቂቃ ስለሚሆን ቁጥሩን በ1.7 ያባዙት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መኝታ ቤቱ 4 ሜትር በ3.5 ከሆነና ኮርኒሱ 2.8 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው አየር 39 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለአለርጂ አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል ቢጣራ ጥሩ ነው፤ 39 በ5 ሲባዛ 195 ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ 200 የሚል ማሽን ያስፈልጋል ማለት ነው። ግን ይህ ቁጥር የሚለካው በከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ድምፁ አያስተኛም። በመሐከለኛ ፍጥነት ተኝተው እንዲሠራልዎ 300 ወይም 350 የሚለውን ይምረጡ። ሻጩ «ለ60 ካሬ ይበቃል» ቢልዎት አይቀበሉት፤ እንዲህ ያለው ስሌት ብዙ ጊዜ አየሩ በሰዓት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ እንደሚጣራ ታስቦ የተሠራ ነው።

ፊልተሩ እውነተኛ ሄፓ (HEPA)፣ ማለትም ደቃቅ ብናኝን የሚይዝ ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር ይሁን። የአሜሪካው መለኪያ 0.3 ማይክሮን ከሆነው ብናኝ 99.97 በመቶውን መያዝ ይጠይቃል፤ የአውሮፓው ኤች13 ደግሞ 99.95 በመቶ። 0.3 የተመረጠው ትንሹ ስለሆነ ሳይሆን ለመያዝ አስቸጋሪው ስለሆነ ነው፤ ከዚያ የሚያንሰውም የሚተልቀውም በቀላሉ ይያዛል። «ሄፓ ዓይነት» ወይም «እንደ ሄፓ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ግን ሄፓ አይደለም።

ኦዞን አመንጪ የሚባለውን ጨርሶ አይግዙ። አየሩ «የታጠበ» ቢሸትም ኦዞን ራሱ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ አስም ላለበት ሰው ማባባሻ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሸጥ ማጣሪያ ከ0.050 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.050) በላይ ኦዞን እንዳያወጣ በሕግ የተከለከለው ለዚህ ነው። አዮናይዘር የሚባለው፣ ብናኝን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሞላው ክፍልም ኦዞን ሊያወጣ ስለሚችል፣ ማሽኑ ይህን ስም የያዘ ቁልፍ ካለው አጥፍተው ይጠቀሙበት።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ መለዋወጫ ፊልተሩ ይገኛል ወይ? ካልተገኘ ማሽኑ ከዓመት በኋላ የቤት ጌጥ ይሆናል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው የሚያስመጡ ከሆነ ሁለት ትርፍ ፊልተር አብሮ ይምጣ።

3. መብራቱን ያስቡበት

የአሜሪካ ማሽን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ ባለ 220 ሶኬት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዕቃ በቮልት ይስማማል፤ ችግሩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ብቻ ነው፣ እሱም በአዳፕተር ይፈታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ ማሽን በራሱ አይነሳም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳሉ እየሠራ ይንቀሉት፣ መልሰው ይሰኩትና ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። ካልተነሳ ሌሊት መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ዝም ብሎ ይቆማል፤ እርስዎም የሚያውቁት ጠዋት ነው።

ፍጆታው አያስፈራ። 50 ዋት የሚስብ ማሽን ቀንና ሌሊት ቢሠራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከዚያ ይበልጣል።

4. ክፍሉን ያዘጋጁ

ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት ቁምሳጥን አናቱን፣ የመስኮት ጠርዙንና አልጋው ሥር ያለውን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ የተኛውን አቧራ ቀስቅሶ ወደ አፍንጫ መላክ ነው። ወፍራም ምንጣፍና ከባድ መጋረጃ ከመኝታ ቤት ቢወጡ ይመረጣል። ከዚያ ስንጥቁን ይድፈኑ፦ በመስኮቱ ዙሪያ የስፖንጅ ማጣበቂያ፣ በበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ይበቃል።

ማሽኑን ሳሎን አያስቀምጡት። ሰው ከሌላው ክፍል ሁሉ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፈው መኝታ ቤት ነው፤ ክፍሉም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጠራል። ከግድግዳና ከመጋረጃ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። አልጋው ሥር ወይም ከሶፋ ጀርባ የተደበቀ ማሽን የራሱን አየር ደጋግሞ ያጣራል እንጂ የክፍሉን አያገኝም።

አሁን ፊልተሩን አውጥተው ይመልከቱት። አዲስ ማሽን ሲመጣ ፊልተሩ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ውስጡ ይቀመጣል። ላስቲኩ ሳይወልቅ ለወራት የሠራ ማሽን ጥቂት አይደለም፤ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ የሚያልፍ አየር ግን የለም።

5. ያስነሱት፣ አያጥፉት

ከመተኛትዎ አንድ ሰዓት ቀድመው በሩን ዘግተው በከፍተኛው ፍጥነት ይልቀቁት። ሲተኙ ወደ መሐከለኛው ያውርዱት። ዝቅተኛው ፍጥነት ለሊቱ ጸጥታ ቢመችም የሚያጣራው አየር በጣም ጥቂት ነው። ጠዋት አልጋ ሲያነጥፉና ቤት ሲያጸዱ እንደገና ከፍ ያድርጉት።

«ራስ-ሰር» የሚለውን አሠራር ብዙ አልመክርም። ማሽኑ ላይ ያለው ዳሳሽ (ሴንሰር) ጭስና ደቃቅ ብናኝ ጥሩ አድርጎ ያያል፤ ትላልቁን የአበባ ብናኝና የፍራሽ አቧራ ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እርስዎ እያስነጠሱ ከሆነ አፍንጫዎን ይመኑ።

ያም ሆኖ ቤት መተንፈስ አለበት። መስኮት የሚከፈትበትን ሰዓት ይምረጡ፤ መንገዱ በመኪና በተጨናነቀበት ጠዋትና ማታ ሳይሆን ጋብ ባለ ጊዜ፣ ወይም ዝናብ አቧራውን ካወረደው በኋላ ለሩብ ሰዓት ከፍተው ይዝጉ።

6. ከሰል፣ ቡናና እጣን

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብቶ መሞቅ የተለመደ ነው፤ ማሽን ያለበት ቤት ደግሞ «ማጣሪያው አለ» ብሎ መዘናጋት ይመጣል። ከሰል ሲነድ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጋዝ ስለሆነም ሄፓ ፊልተር አይይዘውም። ሽታ ለመቀነስ የሚገባው የካርቦን ፊልተርም አይይዘውም። የማሽኑ ዳሳሽ የሚያየው ብናኝ ብቻ ስለሆነ ሞት እየመጣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከሰል ከተያያዘ መስኮቱም በሩም ይከፈታል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል ጋር መተኛት ማሽን ኖረም አልኖረም ክልክል ነው።

ቡናውን ተዉት የሚል ምክር የለኝም። ነገር ግን ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ የሚወጣው ጭስ ልክ እንደ ናፍጣው ደቃቅ ነው፤ አስም ላለበት ሰው ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ቡና መቁላቱን በረንዳ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ያድርጉት፣ እጣኑን ይቀንሱት፣ እስኪያልቅ መስኮቱን ክፍት ይተዉት። ጭሱ ሲወጣ ዘግተው ማሽኑን ለግማሽ ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት ይልቀቁት። በጭሱ መሐል ማሽኑን ማሠራት ፊልተሩን በዘይታማ ጥቀርሻ ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው አየር ለሳምንታት እጣን እጣን ይላል።

የሐኪም መድኃኒት በማሽን አይተካም። የሚነፋ የአስም መድኃኒት የታዘዘለት ሰው አየሩ ስለጠራ ብሎ አያቋርጥ።

7. ፊልተሩን መንከባከብ

ፊት ለፊት ያለው ወንፊት መሳይ ሽፋን ፀጉርና ሻካራ አቧራ ይይዛል፤ በበጋ በየሳምንቱ፣ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ በቫኪዩም ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ። ሄፓው ግን በውሃ አይታጠብም፣ ግድግዳ ላይ አይራገፍም፤ ክሮቹ ይበላሻሉ። ግራጫ መሆኑ ሥራውን መሥራቱን ነው የሚያሳየው። መቀየር ያለበት የሚወጣው አየር ሲደክም፣ ድምፁ ሲጨምር ወይም ሲሸት ነው።

አምራቾች በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ይላሉ። መንገድ ዳር ላለ ቤት አጭሩን ይያዙ። «ፊልተር ቀይር» የሚለው መብራት በብዙ ማሽኖች ላይ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር እንጂ ቆሻሻውን የሚለካ አይደለም፤ ስለዚህ አዲሱን ሲያስገቡ መመሪያው እንደሚለው ቁልፉን ይዘው ቆጠራውን ወደ ዜሮ ይመልሱት። አሮጌውን በረንዳ ላይ፣ ማስክ አድርገው ያውጡት፤ ወዲያው ፌስታል ውስጥ ከተው ይቋጥሩት፣ አለርጂ ያለበት ሰው አይንካው።