በከተማ ዳርቻ በጣቢያ ዙሪያ ሲገነባ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

መኖሪያ፣ ሥራና ገበያ ከባቡር ወይም ከአውቶቡስ ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ተጠጋግተው ይሠሩ የሚለውን ሐሳብ በመርህ ደረጃ የሚቃወም የፕላን ባለሙያ አላውቅም። ሥራው የሚበላሸው ወደ ዝርዝር ሲወረድ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ በካርታ ላይ የሚሣለው ክብ ነው። ፕላን አዘጋጁ ጣቢያውን መሐል አድርጎ የ500 ሜትር ክብ ይሥልና በውስጡ ያለውን ቤት ሁሉ ለጣቢያው ቅርብ ነው ብሎ ይመዘግባል። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ግን ደጋግሜ የማየው ሌላ ነው። ሕንፃው ከዋናው መንገድ ጋር በአጥር ብቻ ተለይቶ ሳለ የግቢው በር የተከፈተው በጀርባ በኩል ስለሆነ፣ ነዋሪው ባቡሩን ከመስኮቱ እያየ ወደ ፌርማታው ለመድረስ ግቢውን ሙሉ መዞር ይኖርበታል። ሰዉ ሲመረው አጥሩን ቀዶ ማለፊያ ያበጃል፤ ኮሚቴው ለጥበቃ ሲል በብየዳ ይደፍነዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ከጎኑ ሌላ ይቀደዳል። ወጣት ባልደረቦቼ ሆይ፣ የተቀደደ አጥር ስታዩ ነዋሪውን ሥርዓት የለሽ አትበሉት፤ በሩ የት መከፈት እንደነበረበት እያሳያችሁ ነው። ክቡን ከመሣላችሁ በፊት በክረምት፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ልጅ ያዘለች እናት በምትራመድበት ፍጥነት ከሕንፃው ደረጃ እስከ ፌርማታው ሂዱ። መንገዱ 20 ደቂቃ ከፈጀ፣ ካርታው ምንም ቢል፣ ያ ቤት ሩቅ ነው።

ሐዲዱን በሰፊ አውራ ጎዳና መሐል አስቀምጦ ዙሪያው በራሱ ከተማ ይሆናል ብሎ መጠበቅም ከባድ ስህተት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚያውቁት በቨርጂኒያው አርሊንግተን፣ የዋሽንግተን ሜትሮ ሲታቀድ መሥመሩ በአውራ ጎዳና 66 መሐል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ግን ተከራክሮ ነባሩን የንግድ ጎዳና ተከትሎ ከመሬት በታች እንዲሄድ አስደረገ። በ1979 እ.ኤ.አ. መሥመሩ እስከ ቦልስተን ሲከፈት ከሮስሊን ጀምሮ አምስት ጣቢያዎች ተከታትለው ነበር፤ ረጃጅም ሕንፃዎች በጣቢያዎቹ አጠገብ እንዲሰበሰቡና ጥቂት መንገዶች አልፎ የቆዩት የመኖሪያ ሰፈሮች እንዲጠበቁም ተደረገ። ከቦልስተን አልፎ በ1986 እ.ኤ.አ. እስከ ቪየና የተከፈተው ክፍል በአብዛኛው አውራ ጎዳናውን ስለሚከተል፣ ተሳፋሪው በድልድይ ተሻግሮ ለረጅም ዓመታት በዋናነት ያገኘው የመኪና ማቆሚያ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ከመገናኛ ወደ አያት የሚጓዘው በሰፊ መንገድ አካፋይ ላይ ነው። ያንን ምርጫ አሁን መመለስ አይቻልም፤ መሻገሪያውን ማረም ግን ይቻላል። በደረጃ የሚወጣ ድልድይ ለአረጋዊና ለነፍሰ ጡር መሻገሪያ ስለማይሆን፣ መብራት ያለው የምድር ማቋረጫ በየፌርማታው መኖር አለበት።

ቤቱን ቀድሞ ሠርቶ ትራንስፖርቱን ለኋላ መተው ሌላው ነው። ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ብዙ ሺህ ቤተሰብ የሰፈረባቸው ሆነው ሳለ ሐዲዱ አይደርስባቸውም። ዕጣ ወጥቶለት የገባው ሰው ጎህ ሲቀድ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ይቆማል፤ ከቤት ኪራይ ያተረፈውን ገንዘብም ለትራንስፖርት ይከፍለዋል።

አብዛኛው ነዋሪ መኪና በሌለው ሰፈር ለጣቢያው ቅርብ የሆነውን መሬት ለመኪና ማቆሚያ መስጠት ሊታሰብም አይገባም።

የምድር ቤት ሱቆችን ሁሉ በጨረታ ለከፍተኛ ተጫራች መሸጥም የሰፈሩን ሕይወት ይጎዳል፤ ዋጋውን የቻለው ባንክና የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሲገባ፣ ጎመንና ቲማቲም የምትሸጠው ሴት የእግረኛ መንገዱ ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያም ደንብ አስከባሪ ያባርራታል። ከሥራ የሚመለስ ሰው ከፌርማታ ወርዶ የራቱን አስቤዛ በመንገዱ ላይ እንዲያገኝ፣ ጥቂት ትናንሽ ቦታዎች በአነስተኛ ኪራይ ተለይተው ሊያዙ ይገባል።

ታክሲ ተራውን «ጣቢያውን ያጨናንቃል» ብሎ ማራቅ ባቡሩን ተሳፋሪ ያሳጣዋል።

በመጨረሻም በጣቢያው ጥግ ያለ መሬት በቆርቆሮ ታጥሮ ለዓመታት ሲቀመጥ ዝም ማለት አይገባም። በሊዝ ውሉ ላይ የግንባታ መጀመሪያ ጊዜ ተጽፏል፤ ባለይዞታው ግን ዋጋው እስኪንር ይጠብቃል፣ ቤት ፈላጊውም ከዚያው ባዶ መሬት አጠገብ በባቡር አልፎ፣ በታክሲ ቀጥሎ፣ ከተማው ዳር ወዳለው ኪራይ ቤቱ ይሄዳል። በጣቢያ ዙሪያ ላለ መሬት ጊዜው አጭር ይሁን፤ ሲያልፍም ያለማራዘሚያ ውሉ ይቋረጥ።