ሞትን እንደ ስጦታ ማንበብ፦ የቶልኪንን አፈ ታሪክ በጭብጥ ለማጥናት የሚረዳ መመሪያ

ጄ. አር. አር. ቶልኪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሶም ግንባር ታሞ ወደ እንግሊዝ ከተመለሰበት ከ1916 መጨረሻ አንሥቶ በ1973 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ አንድ ሰፊ አፈ ታሪክ ሲጽፍ፣ ሲሰርዝና እንደገና ሲጽፍ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ደራሲው በሕይወት ሳለ አልታተመም፤ ዛሬ «ሲልማሪሊዮን» ብለን የምናነበውን መጽሐፍ ልጁ ክሪስቶፈር ከተከማቹት ረቂቆች አሰባስቦና አቀናብሮ ያሳተመው በ1977 ነው። መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስሞቹ ብዛት ይደክማል። ደግሞ የሚያነበው ግን ስሞቹን ለምዶ፣ በታሪኮቹ ውበት ተይዞ፣ ይህ ሁሉ ስለ ምን እንደ ተጻፈ መጠየቅ ይጀምራል። መመሪያው የታሰበው ለዚህ ለሁለተኛው አንባቢ ነው። አንድን ጭብጥ መርጦ፣ ከታሪክ ወደ ታሪክና ከረቂቅ ወደ ረቂቅ ተከትሎ፣ በማስረጃ የቆመ ትንተና እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያል። ምሳሌ አድርጌ የምወስደው ሟችነትን ነው፤ በዚህ አፈ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በጥልቀት የታሰበበት ጉዳይ እርሱ ነው ብዬ ስለማምን።

በመጀመሪያ ርእሰ ጉዳዩን ወደ ጥያቄ መለወጥ ያስፈልጋል። «ሞት በቶልኪን ሥራ» የሚል ርእስ ይዞ የሚነሣ ሰው የሞቱትን ገጸ ባሕርያት ዘርዝሮ ከመጨረስ አያልፍም። በቶልኪን ዓለም ኤልፎች የተባሉት ሰው መሳይ ፍጥረታት በእርጅና አይሞቱም፤ ቢገደሉም እንኳ ነፍሳቸው ከዓለም አትወጣም፤ ምድሪቱ እስክታልፍ ድረስ ከእርሷ ጋር የታሰሩ ናቸው። ሰዎች ግን ሞተው ከዓለም ይለያሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱም ኤልፎቹ አያውቁም። ሲልማሪሊዮን ይህን የሰዎች ዕጣ የፈጣሪው የኢሉቫታር ስጦታ ይለዋል፤ ዘመን ሲረዝም ዓለምን የሚጠብቁት ኃያላን መናፍስት ቫላር እንኳ የሚቀኑበት ስጦታ እንደሆነ ይናገራል፤ በፈጣሪው ላይ ያመፀው ኃያል መንፈስ ሜልኮር ግን ጥላውን ጥሎበት ከጨለማ ጋር እንዳደባለቀው ያክላል። ከዚህ የሚወጣው ጥያቄ ጠንካራ ነው፦ ሞት ስጦታ ከሆነ፣ የተቀበሉት ሰዎች እንደ ቅጣት የሚያዩት ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ የትኛውን ክፍል ማንበብ እንዳለብን፣ የትኛውን ማለፍ እንደምንችል ራሱ ይነግረናል።

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ ንባቡን ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ሳይሆን «አካላቤት» ከተባለው ክፍል መጀመርን እመክራለሁ። ከአምስቱ ክፍሎች አራተኛው ነው፤ አጭርና ራሱን የቻለ ሲሆን የኑመኖር ደሴትን ክብርና መስጠም ይተርካል። የኑመኖር ሰዎች አባቶች በሜልኮር ላይ በተደረገው ጦርነት ከኤልፎች ጎን ስለ ቆሙ፣ ለዘሮቻቸው ደሴቲቱና ከሌሎች ሰዎች የረዘመ ዕድሜ ተሰጣቸው፤ የመጀመሪያው ንጉሥ ኤልሮስ 500 ዓመት ኖረ። የተከለከሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገዛ ዳርቻቸው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ወደ ምዕራብ፣ ሞት ወደማይደርስባቸው ነዋሪዎች ምድር፣ እንዳይቀዝፉ።

እዚህ ላይ ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል፤ ትርጉሙ ያለው በለውጡ ቅደም ተከተል ውስጥ ነውና። የቀደሙት ነገሥታት ጊዜያቸው መድረሱን ሲያውቁ ዙፋኑን ለወራሻቸው ትተው በፈቃዳቸው ያርፉ ነበር። አሥራ ሦስተኛው ንጉሥ ታር-አታናሚር ግን ደስታው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንኳ ሕይወቱን አልለቅም ብሎ፣ አእምሮውና ጉልበቱ እስኪከዱት ድረስ ዙፋኑን ይዞ ቆየ፤ ልጁም በጉልምስናው ጊዜ ሊነግሥ አልቻለም። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ለሙታኑ ታላላቅ መቃብሮች መሥራት ጀመረ። ጠቢባኑ ሕይወትን የሚመልሱበትን ወይም የሚያራዝሙበትን ምሥጢር ፈልገው ያገኙት ሬሳ ሳይፈርስ የሚቆይበትን ጥበብ ብቻ ነው። በሕይወት ያሉት ወደ ፈንጠዝያና ወደ ሀብት ዞሩ፤ ቀድሞ አስተማሪ ሆነው በሄዱባቸው የባሕር ዳርቻዎች ጌቶችና ግብር ሰብሳቢዎች ሆኑ። በመጨረሻም ምርኮኛ ሆኖ የመጣው የሜልኮር አገልጋይ ሳውሮን የንጉሡን ጆሮ ሲያገኝ ቤተ መቅደስ ተሠራ፤ ከሞት እንዲያድናቸውም ለሜልኮር ሰው እየሠዉለት ሰገዱ። ሞት ግን ከደሴቲቱ አልራቀም፤ እንዲያውም ፈጥኖና በብዙ መልክ ይመጣባቸው ጀመር። እርጅና የተጫነው የመጨረሻው ንጉሥ አር-ፋራዞን የዘላለምን ሕይወት በጦር ሊነጥቅ ወደ ምዕራብ ሲዘምት ደሴቲቱ ሰጠመች። መቃብሩ፣ ቅኝ ግዛቱና የሰው መሥዋዕቱ ሦስት የተለያዩ ኃጢአቶች ሊመስሉ ይችላሉ፤ ጽሑፉ ግን የአንዱ ፍርሃት ሦስት ደረጃዎች አድርጎ ነው ያስቀመጣቸው።

በንባብ ጊዜ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ሦስት ነገሮችን በማስታወሻ መመዝገብ ይበጃል፦ ድርጊቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚተርከው፣ ቶልኪን መቼ እንደ ጻፈው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ጥናቱ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ግን በእርሱ ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አሳያለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ተመሳሳይ ትዕይንቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ቶልኪን ሐሳቡን በስብከት አይገልጥም፤ አንዱን ፈተና ለተለያዩ ሰዎች እየሰጠ መልሳቸውን ያሳየናል። ከቫላር አንዱ፣ የእጅ ጥበብ ጌታ የሆነው አውሌ የኢሉቫታር ልጆች (ኤልፎችና ሰዎች) እስኪመጡ መታገሥ አቅቶት ድዋርፎችን በስውር ሠራ። ፈጣሪው በጠየቀው ጊዜ ጥፋቱን አምኖ፣ እያለቀሰ ሊያጠፋቸው መዶሻውን አነሣ፤ እነርሱም በፍርሃት ሸሹ። መሸሻቸው የራሳቸው ሕይወት እንደ ተሰጣቸው ምልክት ነበር፤ ሥራውም ተቀባይነት አገኘለት። ፌአኖር የተባለው ኤልፍ በአንጻሩ የቫላርን ምድር ያበሩ የነበሩት የሁለቱ ዛፎች ብርሃን የተጠበቀባቸውን ሦስቱን ዕንቁዎች፣ ሲልማሪሎችን፣ ሠርቶ ነበር፤ ዛፎቹ ሲመረዙ ብርሃኑን እንዲሰጥ ተጠየቀና እነርሱን ቢሰብር ልቡ እንደሚሰበርና እንደሚሞት ተናግሮ እምቢ አለ። እጅግ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ዕንቁዎቹ በዚያች ሰዓት በሜልኮር ተሰርቀው ነበር፤ ስለዚህ «እሺ» ቢልም የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ሆኖም ተራኪው «እሺ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ምናልባት ሌላ በሆነ ነበር ይላል። ውጤት የማይለውጥ መልስ መላሹን ራሱን ሊለውጠው ይችላል ማለት ነው።

አውሌንና ፌአኖርን ከታር-አታናሚር አጠገብ ስናስቀምጥ በአንዱ ታሪክ ብቻ የማይታይ ነገር ይገለጣል። አውሌ የሠራውን ሲለቅ፣ ፌአኖር የሠራውን፣ ታር-አታናሚር የተሰጠውን ዕድሜ የሙጥኝ ብሎ ይይዛል፤ የሁለቱ ችግር ግን አንድ ነው፤ ስጦታን እንደ ንብረት መቁጠር። በእኔ ንባብ በዚህ አፈ ታሪክ ውስጥ የሞት ጭብጥ የመልቀቅ ጭብጥ ነው። ኤልፎችም ከዚህ ፈተና ውጪ አይደሉም። ሰዎች ከሞት ሊሸሹ ሲሞክሩ፣ የማይሞቱት ኤልፎች ደግሞ ለውጥን ሊያስቆሙ፣ ያለፈውን እንዳለ ሊያቆዩ ይሞክራሉ፤ የኃይል ቀለበቶች የተባሉትን አስማታዊ ቀለበቶች የሠሩትም ለዚህ ነው። ቶልኪን በደብዳቤዎቹ ይህን ዝንባሌያቸውን ሬሳ ከማድረቅ ጋር ያነጻጽረዋል፤ የኑመኖርን መቃብሮች ያስታወሰ አንባቢ የንጽጽሩን ክብደት ይረዳዋል።

አሁን ወደ ተራኪው ጥያቄ እንመለስ። ሲልማሪሊዮን በአብዛኛው የኤልፎች ወግ ነው፤ ሞት ስጦታ ነው የሚሉት የማይሞቱት ናቸው። የሚሞቱት ምን ይላሉ? መልሱ ያለው ቶልኪን በ1959 ገደማ በጻፈውና «የመካከለኛው ምድር ታሪክ» በተሰኘው አሥራ ሁለት ቅጾች ያሉት ሥራ አሥረኛ ቅጽ ውስጥ በ1993 በታተመው የፊንሮድና የአንድሬት ውይይት ነው። ፊንሮድ የኤልፍ ንጉሥ ነው፤ አንድሬት ደግሞ ያረጀች፣ በወጣትነቷ የፊንሮድን ወንድም የወደደች የሰው ልጅ ጠቢብ ናት። ሰዎች ከመጀመሪያው ለሞት አልተፈጠሩም፤ ሞት በኋላ የተጫነባቸው ነው የሚለውን የወገኖቿን ወግ ትነግረዋለች። ፊንሮድ ይደነግጣል፤ የአንድን ሕዝብ ሁሉ ዕጣ መለወጥ ለሜልኮር የሚቻል ከሆነ ክፋቱ እነርሱ ካሰቡት እጅግ ይበልጣልና። እንዲህ ያለው ሥልጣን የፈጣሪ ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ሰዎች ፈጣሪን ያስቆጣ ምን እንዳደረጉ ይጠይቃታል። ስለዚህ «ቶልኪን ሞት ስጦታ ነው ይላል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ኤልፎች እንዲህ ይላሉ፤ አንድሬት ሌላ ትላለች፤ ደራሲውም በስድሳዎቹ ዕድሜው ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኝቶ አነጋገራቸው። የጽሑፉን ዘመን መመዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የአርታኢውን እጅ ማወቅም ግድ ነው። ክሪስቶፈር የ1977ቱን መጽሐፍ ያዘጋጀው በጋይ ጋቭሪየል ኬይ እየታገዘ ሲሆን፣ ዶሪያት ስለ ተባለው የኤልፎች መንግሥት ጥፋት የሚተርከው ሃያ ሁለተኛ ምዕራፍ አባቱ በኋለኛው ዘመን የተሟላ ጽሑፍ ስላልተወለት በአብዛኛው የአርታኢዎቹ ድርሰት ነው። ክሪስቶፈር ይህን ራሱ በግልጽ ተናግሯል፤ መጽሐፉ ታሪኮቹን ማን ለማን እንዳስተላለፈ የሚያሳይ ማዕቀፍ ሳይኖረው መውጣቱንም ስሕተት እንደ ነበር በኋላ ጽፏል። ከሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ የቶልኪንን ሐሳብ ማስረዳት አይገባም። የብራና መጻሕፍትን ቅጂዎች ማነጻጸር ለለመደ የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህ ጥንቃቄ እንግዳ አይሆንበትም።

ምንጭ ፍለጋ ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ላንሣ። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው ጥናት የጥንት እንግሊዞች ለኢትዮጵያውያን የሰጡትን «ሲጌልዋራን» የሚል ስያሜ ይመረምራል። የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ከፀሐይና ከጌጥ፣ ሁለተኛው ከፍምና ከጥላሸት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አሳይቶ፣ ስያሜው የኢትዮጵያ ስም ወደ እንግሊዝ ሳይደርስ በፊት በደቡባዊ የእሳት ምድር ስለሚኖሩ ፍጥረታት ይነገር የነበረ ሊሆን ይችላል ይላል። ተመራማሪዎች እዚህ የእሳት መናፍስት የሆኑትን ባልሮጎችንና የሲልማሪሎችን ብርሃን አይተዋል። ንጽጽሩ ያማልላል፤ ይሁን እንጂ ባልሮጎች ቶልኪን በ1916 እና በ1917 መካከል በጻፈው የጎንዶሊን ውድቀት ታሪክ ውስጥ አሉ። ስለ ቃሉ ቀደም ብሎ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ጥናቱ ግን ከታሪኩ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ስለታተመ የባልሮጎች መነሻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በመጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ለሰዎች የብረት ሥራንና የጦር መሣሪያን ያስተማሩትን የወደቁ መላእክት የሚያስታውስ አንባቢም በሜልኮርና በፌአኖር ታሪክ ተመሳሳይ ነገር ማየቱ አይቀርም፤ መመሳሰሉን ይጻፍ፤ ምንጭ ነው እንዳይል ግን ይጠንቀቅ።

የደራሲውን ደብዳቤዎች በመጨረሻ ማንበብ ይሻላል። በ1981 በታተመው ስብስብ ውስጥ በ1951 ገደማ ለአሳታሚ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ አለ፤ ሥራው ሁሉ ስለ ውድቀት፣ ስለ ሟችነትና ስለ ማሽን እንደሆነ ይገልጻል፤ ማሽን ሲልም ውስጣዊ ችሎታን ከማሳደግ ይልቅ በውጫዊ ኃይል ሌላውን መግዛትን ጭምር ማለቱ ነው። ይህን አስቀድሞ ያነበበ ሰው በታሪኮቹ ውስጥ የሚፈልገው እነዚህን ሦስት ቃላት ብቻ ይሆናል። ማስታወሻውን ከጨረሰ በኋላ የሚያነበው ግን የራሱን ግኝት ከደራሲው ማብራሪያ ጋር ያመዛዝናል፤ የሚለያዩበትንም ቦታ ያያል።

ትንተናውን ሲጽፉ ሐሳቦቹን በተጻፉበት ዘመን ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑትን ለማስማማት አይሞክሩ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመጻፍዎ በፊት ደግሞ የፊንሮድንና የአንድሬትን መለያየት እንደገና ያንብቡት። እርሷ በቅርቡ ትሞታለች፤ እርሱ ከዓለም መውጣት አይችልም። ወደምትሄድበት ስትደርስ ብርሃን እንድታገኝ ይመኝላትና፣ በዚያ ወንድሙንና እርሱን እንድትጠብቃቸው ይለምናታል።