ጦርነቱ ሲረዝም መጋዘኑን ተዉትና የወሩን ሂሳብ እዩ

ጦርነቱ በሦስት ወር ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ ዓመት ካለፈው፣ የመጀመሪያው ሥራ ሂሳብ ነው። መጋዘን ውስጥ ስንት ጥይት አለ የሚለውን ለጊዜው ተዉት። በወር ስንት ይተኮሳል? በወር ስንት ይመረታል ወይም ይገባል? የሚተኮሰው ከበለጠ፣ መጋዘኑ ጢም ብሎ ቢሞላም ቀን እየቆጠራችሁ ነው። እንግሊዝ ይህን የተማረችው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ግንባር ላይ የመድፍ ጥይት አጠረ፣ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ መንግሥት ተናጋ፣ የመሣሪያ ምርትን ብቻ የሚከታተል ሚኒስቴር ተቋቁሞ ለፖለቲከኛው ሎይድ ጆርጅ ተሰጠ።

ይኸው ሂሳብ ለሰውም ይሠራል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ጎበዝ ተዋጊ ሲገኝ ግንባር ላይ ማቆየት ያጓጓል። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርጥ ፓይለቶቿን እስኪሞቱ አበረረቻቸው፤ አሜሪካ ግን ልምድ ያካበቱትን እየመለሰች አዲሶቹን እንዲያሠለጥኑ አደረገች። በ1944 ሁለቱ ሰማይ ላይ ሲገናኙ በጃፓን በኩል የነበሩት አብዛኞቹ ገና በቅጡ ያልሠለጠኑ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ከነባሮቹ የተወሰኑትን፣ አዛዡ ቢያኮርፍም፣ ወደ ማሠልጠኛ አምጡ። ፈረቃም ይኑር። መቼ እንደሚያርፍ የማያውቅ ወታደር መውጫውን ራሱ ይፈልጋል።

ፋብሪካ አንድ ቦታ አይከማች። በሴፕቴምበር 1940 በእንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን ከተማ የነበረው ዋናው የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ፋብሪካ በቦምብ ሲመታ እንግሊዞች ሥራውን በተኑት። የአውቶቡስ ጋራዥ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሳይቀር የአውሮፕላን ክፍል መሥሪያ ሆነ። መበተን ወጪ አለው፤ ትራንስፖርት ይበላል፣ የጥራት ቁጥጥሩም ራስ ምታት ነው። ሁሉን በአንድ ሌሊት ከማጣት ግን ይሻላል። መብራትም እንደዚሁ ነው። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሩሲያ የዩክሬንን የኃይል መረብ ስትደበድብ እንደታየው፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ዛሬ ታዞ ነገ አይደርስም። መጠባበቂያውን ቀድማችሁ ግዙ፣ ከጣቢያው አርቃችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ሆድ። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገበሬውንም ፈረሱንም ለግንባር ወሰደች። ማዳበሪያ ይሆን የነበረው ናይትሮጅን ፈንጂ ሆነ። በዚያ ላይ የእንግሊዝ የባሕር እገዳ አለ። በ1916 የድንቹ ምርት ሲበላሽ ሕዝቡ የብርዱን ወራት ለከብት መኖ ይሆን በነበረ የሥር አትክልት አሳለፈ። እና ገበሬውን፣ መካኒኩን፣ የባቡር ነጂውን ከምልመላ አውጧቸው፤ ደጀን የሌለው ግንባር አይቆምም። ዋጋ መተመን ብቻውንም አያዋጣም፤ ከወጪው በታች ከተመናችሁበት ገበሬው ማታ ማታ ለጥቁር ገበያ ይሸጣል። ራሽን ከሆነም ሳያልቅ ጀምሩ። እንግሊዝ ቅቤና ስኳርን መለካት የጀመረችው በጃንዋሪ 1940፣ ገና ረሃብ ሳይመጣ ነው። ዳቦ ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ያለ ራሽን ይሸጥ ነበር፤ ሰው ቢያንስ በአንድ ነገር ይጥገብ ነው ነገሩ።

ገንዘቡስ? ከግብር፣ ከብድር፣ ወይም ከማተሚያ ማሽን ነው የሚመጣው። ሦስተኛው ቀላል ስለሆነ ነው አደገኛነቱ። እንግሊዝ በ1941 መደበኛ የገቢ ግብሯን 50 በመቶ አደረሰችው፤ ማን ይወደዋል? ጀርመን በአንደኛው ጦርነት በዋናነት በብድር ተዋጋች፣ ሂሳቡን ተሸናፊው ይከፍላል ብላ። ተሸናፊዋ ራሷ ሆነች። ከሌላው ጣጣ ጋር ተደምሮ በኖቬምበር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ።

ይህ ሁሉ ሂሳብ የሚበላሸው ግን በውሸት ሪፖርት ነው። ከታች ያለው ለአለቃው፣ አለቃው ለበላዩ እያሳመረ ያቀርባል። በወር አንድ ቀን፣ ሳታስጠነቅቁ፣ ካድሬ ሳይሆን መካኒክ ላኩ። ወረቀቱ 40 መኪና አለ ይል ይሆናል። መካኒኩ አንድ በአንድ ቁልፍ ያዙር፣ ሞተሩ የተነሳለትን ብቻ ይጻፍ።