በራስዎ ዶሜይን ኢሜይል እንዴት ይከፈታል? ቁልፉስ ማን ዘንድ ይቀመጣል?

አክስቴ ቡና ቆልታና ፈጭታ፣ በፓኬት አሽጋ ለሱቆች ታከፋፍላለች። ድረ ገጽ የሠራላት ልጅ በድርጅቷ ስም ኢሜይልም ከፍቶላት ሁለት ዓመት ያህል ያለ ችግር ስትጠቀምበት ቆየች። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን አልከፈት አለ። ድረ ገጹም የለም። ለካ ዶሜይኑ የተመዘገበው በልጁ የግል ኢሜይል ኖሯል። «ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ያድሱ» የሚለው መልእክት ሁሉ ይደርስ የነበረው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አገር ለቆ ስልኩን ቀይሯል። በዘመድ በጓደኛ ተፈልጎ እስኪገኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ቀናት ስንት ትእዛዝ እንዳመለጣት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ «ኢሜይል ክፈትልኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» ብዬ ነው። ቁልፉ ደግሞ ሦስት ነው። አንዱ የዶሜይኑ፣ ማለትም የስሙ ነው። ሁለተኛው የዲኤንኤሱ ነው፤ ዲኤንኤስ «በዚህ ስም የመጣ ደብዳቤ ወደ የትኛው ሰርቨር ይሂድ?» ሲባል መልስ የሚሰጥ ማውጫ ነው። ሦስተኛው ደብዳቤው የሚቀመጥበት ሳጥን ነው። ሦስቱም አንድ ኩባንያ ዘንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስት ቦታ ተበትነውም ያጋጥማል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የትኛው የት እንዳለ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

1. ስሙን በራስዎ አካውንት ያስመዝግቡ

ዶት ኮም ከፈለጉ ከውጭ ዶሜይን ሻጮች ይገዛሉ፤ የኢትዮጵያን ዶት ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የውጭው ክፍያ በዶላር ካርድ ስለሆነ ብዙ ሰው አሜሪካ ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ «እባክህ ክፈልልኝ» ይላል። ይህ ምንም ክፋት የለውም፤ ካርዱ የዘመድ ይሁን፣ አካውንቱ ግን የእርስዎ ይሁን። ራስዎ ይክፈቱትና ክፍያው ላይ ሲደርሱ ብቻ ዘመድዎ የካርዱን ቁጥር ያስገባ። በራሱ እንዲታደስ የሚያደርገውን ምርጫም ያብሩት፤ ሆኖም የዘመድዎ ካርድ ጊዜው ሊያልፍ ስለሚችል የማደሻውን ቀን በስልክዎ ካላንደር ላይ ከአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ጋር ይመዝግቡት።

ለዶሜይኑ አካውንት የሚሰጡት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ መሆን የለበትም። ዶሜይኑ የተቋረጠ ቀን «ፓስወርድ ረሳሁ» ቢሉ መልሱ የሚላከው ወደማይከፈተው ሳጥን ይሆናል። ቤት ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ እንደመተው ነው። ለዚህ የግል ጂሜይልዎ ይበቃል።

2. ሳጥኑ የት ይሁን?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለድረ ገጽ ከሚገዛው ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ጋር አብሮ የሚመጣው ኢሜይል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተዳደረው ሲፓነል በሚባለው ገጽ ነው። ሌላው እንደ ጉግል ወርክስፔስ፣ ማይክሮሶፍት 365 እና ዞሆ ያሉት፣ በሰው ቁጥር የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ግን አንዱን ሰርቨር ከብዙ ደንበኞች ጋር ይጋሩታል። ከጎረቤቶችዎ አንዱ ስፓም (ማንም ያልጠየቀው የጅምላ ደብዳቤ) ቢልክ የሰርቨሩ ስም ይበላሻል፤ የእርስዎም ደብዳቤ አብሮ ይጠረጠራል። እንጀራዎ በኢሜይል በሚመጣ ትእዛዝ ላይ ከቆመ ለሁለተኛው ይክፈሉ ነው የምለው። ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ በቀን ጥቂት ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ ግን የሆስቲንጉ አያንስም።

3. ሳጥኑን ይክፈቱ

ሲፓነል ላይ «ኢሜይል አካውንትስ» ይግቡ፣ «ክሪኤት» ይጫኑ፣ ስሙንና ፓስወርዱን ያስገቡ። ቦታ ስንት ይሁን ሲልዎ «አንሊሚትድ» አይበሉ፤ አንድ ሠራተኛ ቪዲዮ ሲጭንበት የሆስቲንጉ ቦታ በሙሉ አልቆ የሁሉም ሰው ኢሜይል ይቆማል። ለአንድ ሰው 2 ጊጋባይት ሰጥቶ መጀመርና ሲሞላ መጨመር ይሻላል።

«ኢንፎ» እና «ሽያጭ» ለሚባሉት አድራሻዎች አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው ማደል የተለመደ ነው፤ እኔ አልወደውም። አንዱ ሠራተኛ ሲለቅ የሁሉም ስልክ ላይ ፓስወርድ መቀየር ሊኖር ነው። ማን ምን እንደመለሰም አይታወቅም። ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ሳጥን ይክፈቱና ወደ «ኢንፎ» የመጣውን «ፎርዋርደርስ» በሚለው በኩል ለሚመለከታቸው ያስተላልፉ።

4. ለደብዳቤው መንገድ ያሳዩ

ዶሜይንና ሆስቲንግ ከአንድ ቦታ ከተገዙ ይህ ብዙውን ጊዜ ተሠርቶ ይጠብቅዎታል። ካልሆነ ግን የዲኤንኤስ ገጹን ከፍተው የኤምኤክስ ሪከርድ ያስገባሉ። ኤምኤክስ ደብዳቤ ተቀባዩን ሰርቨር በስሙ ይጠራል፤ ከጎኑ ያለው ቁጥር ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይወስናል። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፦ 10 ያለው መጀመሪያ ይሞከራል፣ 20 ያለው ተጠባባቂ ነው። የድሮውን ኤምኤክስ ማጥፋት አይርሱ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከቆዩ ደብዳቤው ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሊገባ ይችላል። ለውጡ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ እስከ 48 ሰዓት ይታገሡ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሰቃያል። ኢሜይሉን ወደ ጉግል አዛውረው ድረ ገጹ እዚያው ሆስቲንግ ላይ ከቀረ፣ ከድረ ገጹ ፎርም የሚላከው መልእክት አይደርስዎትም። ሰርቨሩ «ይህ ዶሜይን የእኔው ነው» ብሎ በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው ሲፓነል ላይ «ኢሜይል ራውቲንግ» ገብቶ «ሎካል» የሚለውን ወደ «ሪሞት» መቀየር ነው።

5. ስፓም እንዳይባሉ ሦስቱን ማስረጃዎች ያሟሉ

ኢሜይል ሲፈጠር ላኪውን የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረውም። ማንም ሰው በእርስዎ ስም ጽፎ መላክ ይችል ነበር። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የመጡት ለዚህ ነው። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱን እንዲኖረው ጠይቀዋል፤ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ለጂሜይል የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም ማሟላት አለበት። እርስዎ በቀን አሥር ቢልኩም ሦስቱንም ያስገቡ።

ኤስፒኤፍ «በስሜ መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» የሚል አንድ መስመር ነው። አንድ ዶሜይን አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ ነው የሚኖረው። አንዱን ለሆስቲንጉ፣ አንዱን ለጉግል ብለው ሁለት ካስገቡ ተቀባዩ ስህተት ነው ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ያዋህዷቸው። ዲኪም ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የሚያሳርፈው ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ የሚመሳከርበት ቁልፍ ዲኤንኤስ ላይ ይቀመጣል። ዲማርክ ደግሞ ማስረጃው ያልተሟላ ደብዳቤ ሲመጣ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ይነግረዋል። በመጀመሪያ «none» (ምንም አታድርግ) ብለው ጥቂት ሳምንት ሪፖርቱን ይዩ፤ የራስዎ ደብዳቤ ሁሉ እንደሚያልፍ ሲያረጋግጡ ወደ «ኳራንቲን» (ስፓም ውስጥ አስገባ)፣ ከዚያም ወደ «ሪጀክት» (አትቀበል) ያጥብቁት።

ሲፓነል «ኢሜይል ዴሊቨረቢሊቲ» በሚለው ገጹ የጎደለውን ያሳያል፣ «ሪፔር» ሲሉትም ያስተካክላል። ዲኤንኤሱ ሌላ ኩባንያ ዘንድ ከሆነ ግን ቁልፉ እዚያ ስለሆነ ምንም አያደርግልዎትም፤ የሚያሳይዎትን ጽሑፍ ኮፒ አድርገው እዚያ ይለጥፉ።

ከዚያ ይፈትኑት። ወደ ራስዎ ጂሜይል አንድ ደብዳቤ ይላኩ፣ በኮምፒውተር ይክፈቱት፣ ከቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ሾው ኦሪጅናል» ይበሉ። ከላይ በሚመጣው ሰንጠረዥ ላይ ከሦስቱም ስሞች ጎን «ፓስ» ካዩ ጨርሰዋል። የአክስቴን ስንፈትን ዲኪም አልፎ ኤስፒኤፍ ወደቀ፤ ምክንያቱ የድሮው ሆስቲንግ መስመር ሳይጠፋ መቅረቱ ነበር።

6. ስልክዎ ላይ ያስገቡት

ዓይነቱን ሲጠየቁ አይማፕ ይምረጡ፤ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ የሚነበብበት ነው። ፖፕ ደብዳቤውን ወደ አንድ ስልክ አውርዶ ከሰርቨሩ ሊያጠፋው ይችላል፤ ስልኩ የተሰረቀ ቀን ደብዳቤውም አብሮ ይሄዳል። የአይማፕ ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ በር ቁጥር) 993 ነው። ለመላኪያው ኤስኤምቲፒ 465 ወይም 587 ነው። ዩዘርኔም ሲል ሙሉውን የኢሜይል አድራሻ ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ስም ብቻ ጽፈው «ፓስወርዱ ተሳስቷል» እየተባሉ ግማሽ ቀን የሚያጠፉ ብዙ ናቸው። ትክክለኛው የሰርቨር ስም ሲፓነል ላይ «ኮኔክት ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ አለ።

7. ከተከፈተ በኋላ

ከባድ ፋይል በኢሜይል ሲሄድ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር መጠኑ በሲሶ ገደማ ይጨምራል፤ 20 ሜጋባይት የነበረው 27 ያህል ይሆናል። ተመልሶ ቢመጣብዎት አይገረሙ፣ ሊንክ ይላኩ። ሳጥኑ ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ ወደ ላኪው ስለሚመለስ የቦታውን ልክ በወር አንዴ ይመልከቱ።

በሁለት ደረጃ መግቢያን (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብሩ። በወር አንዴም «ፎርዋርደርስ» እና «ፊልተርስ» የሚሉትን ከፍተው የማያውቁት አድራሻ እንዳለ ይዩ። ፓስወርድ የሰረቀ ሌባ ብዙውን ጊዜ ሲገባ ድምፅ አያሰማም፤ «ኢንቮይስ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ወደ ራሱ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ደብቆ ይወጣል። ከዚያ ክፍያ ሲቃረብ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ለደንበኛዎ በእርስዎ ስም ይጽፋል። ፓስወርድ መቀየር ብቻ ይህን አያቆመውም፤ ትእዛዙ ራሱ መሰረዝ አለበት። ደንበኞችዎንም የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ቢደርሳቸው በሚያውቁት ስልክ ደውለው ሳያረጋግጡ እንዳይከፍሉ ከአሁኑ ይንገሯቸው።

ሠራተኛ ሲለቅ ሳጥኑን ወዲያው አይሰርዙ። ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ አዲስ የሚመጣውን ለተተኪው ያስተላልፉ፣ ጥቂት ወራት ይጠብቁ። ለመሰረዝ ሲወስኑም አስቀድመው ኮፒውን ያውርዱ፤ ሲፓነል ላይ የተሰረዘ ሳጥን በውስጡ የነበረውን ደብዳቤ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።