ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ስትገዙ፦ የካምቢዮ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

ሊብሬና ሻንሲ ማመሳከር፣ ቦሎ ማየት፣ የሞተር ዘይት መፈተሽ የምታውቁት ስለሆነ አልገባበትም። ይሄ ስለ ካምቢዮ ብቻ ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው። ሦስት አራት ባለቤት ያየ፣ ስንት መካኒክ እንደነካካው የማይታወቅ ካምቢዮ ነው የምትገዙት።

ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ ደውሉና "እስክመጣ እንዳታስነሳው" በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ በብርዱ የሚታየውን ችግር ደብቀውባችኋል ማለት ነው። ከዚያ ደላላው "ሰፈሩን አንድ ዙር ብትነዳው ይበቃሃል" ይላል። አይበቃም። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ካልነዳችሁት ካምቢዮው በደንብ አይሞቅም። ብዙው በሽታ ደግሞ የሚወጣው ሲሞቅ ነው።

ምልክት፦ ከፒ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ስታስገቡ ዘግይቶ ይይዛል

ፍሬን ረግጣችሁ ቁጠሩ። አንድ ሰከንድ አካባቢ ጤነኛ ነው። ሁለት ሦስት ከቆጠራችሁ ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ የውስጥ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል። ዘይቱን ለኩ። ቶዮታ የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፒ ላይ ሆኖ ነው። ሆንዳ ግን ሞቆ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ነው። ሆንዳን እየሠራ ለክቶ "ጎድሏል" ብሎ የሞላ መካኒክ አይቻለሁ። የተረፈው ዘይት አረፋ ሠርቶ በመተንፈሻው ወጣ። ልኩ ትክክል ሆኖ አሁንም ከዘገየ መፍትሄው ካምቢዮ ማውረድ ነው። ያ የሻጩ ወጪ ይሁን።

ምልክት፦ ስታስገቡ "ጓ" ይላል

ብዙ ጊዜ ካምቢዮው አይደለም፣ የሞተር ጎሚኒ ነው፤ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የያዘው ጎማ። ኮፈኑን ክፈቱ። አንድ ሰው ፍሬን አጥብቆ ረግጦ አንዴ ዲ፣ አንዴ አር ያስገባ። እናንተ ከጎን ሆናችሁ እዩ፤ ከፊት አትቁሙ። ሞተሩ ከዘለለ ጎሚኒው ነው። ይቀየራል፣ ዋጋም ያስቀንሳል።

ምልክት፦ ከቆመበት ሲነሳ ይርገፈገፋል

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ጋራዣችን ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቪትዝ ነው። መኪናው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ዘይት የሚቀይርለት ሰው ነው።

ቪትዝ ሁለት ዓይነት ካምቢዮ ይዞ ነው የመጣው። አንዳንዱ ባለ 4 ማርሽ ተራ አውቶማቲክ ነው፣ አንዳንዱ ሲቪቲ ነው። ከውጭ ስታዩት፣ ማርሽ መቀየሪያውንም ስትይዙት አይለይም። ሲቪቲ ውስጥ የሚቀያየር ማርሽ የለም። ሁለት ፑሊና አንድ የብረት ቀበቶ ነው። ቀበቶው ፑሊው ላይ ሳይንሸራተት የሚይዘው በራሱ በሲቪቲ ዘይት ነው። ተራ የካምቢዮ ዘይት ስትጨምሩበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊው ይፋቃል፣ የተፋቀው ብረት ዘይቱ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ነው።

አንዲት ደንበኛችን ቪትዝ ገዝታ በሦስተኛ ሳምንቷ መጣች። መብራት ላይ ቆሞ ሲነሳ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። "ዘይቱ እኮ አዲስ ነው ወንድሜ፣ ሻጩ ደረሰኝ ሰጥቶኛል" አለችኝና ከቦርሳዋ አወጣች። ደረሰኙን አነበብኩት። ተራ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይላል። መኪናው ሲቪቲ ነው። ሻጩ ለማማለል የሰጣት ወረቀት ራሱ ምስክር ሆነበት። አፍስሰን ትክክለኛውን ሞላን። ጥቂት ቀን ነድታ መጣች፣ እንደገና አፈሰስን። አንዴ ስታፈሱ ሁሉም አይወጣም፣ ብዙው ኮንቨርተር (በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ያለው በዘይት የሚሠራ ክፍል) ውስጥ ይቀራል። መርገፍገፉ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በሁለተኛው ወር ማፏጨት ጀመረ፣ መጨረሻው መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ሌላ ካምቢዮ ሆነ።

ስለዚህ ከመንዳታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩ። ኮፈኑ ስር ወይም በሩ ጎን ላይ ያለውን የፋብሪካ ታርጋ ፈልጉ። በላቲን ፊደል ኬ210 ወይም ኬ410 የሚል ካለ ሲቪቲ ነው። ዩ340 ወይም ዩ441 ከሆነ ተራ አውቶማቲክ ነው። ከዚያ ሻጩን "ምን ዘይት ነው ያስገባኸው?" በሉት። "ጥሩውን" ካለ መልስ አይደለም። ቀለም አይታችሁም አትፍረዱ። ጣሳው ላይ "ለሁሉም መኪና" የሚል ዘይት ደግሞ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለምንም መኪና አይሆንም።

ከሞቀ በኋላ ዳገት አውጡት። እኔ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ነው የምወስደው። መሃል ላይ ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ተራ አውቶማቲክ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲቪቲ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የሞተሩ ድምፅ አንድ ቦታ ቆሞ ፍጥነቱ ብቻ ቢጨምር ጤነኛ ነው። በዚህ ደንግጦ ደህና መኪና ጥሎ የሄደ አውቃለሁ። የሚያሰጋው የሞተር ዙር ቆጣሪው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሲነሳ ሲርገፈገፍ፣ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ፉጨት ሲኖር ነው።

ሌላ ተንኮል አለ። ለሽያጭ ሲደርስ ካምቢዮ ዘይቱ ላይ ማወፈሪያ ይጨምሩበታል። አንድ ልጅ የገዛውን ራቭፎር ዘይት ስናፈስ እንደ ማር እየተጎተተ ወረደ። ሳምንት ሙሉ ሸጋ ሄዶለት ነበር። መለኪያው ጫፍ ላይ ያለውን ዘይት በሁለት ጣት ጨፍልቁና ጣታችሁን ለያዩ፤ ክር የሚሠራ ከሆነ ሂዱ።

መፍትሄው፦ የተሳሳተ ዘይት ገብቶ ብዙ ካልተነዳ፣ በትክክለኛው ሁለት ሦስት ጊዜ አፍስሶ መሙላት ሊያድነው ይችላል። የኮፓውን (ከካምቢዮው ስር ያለውን የዘይት መያዣ) ማግኔት እዩ። ለስላሳ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። በጥፍር የሚነሳ ስንጥር ብረት ካለ የሙሉ ካምቢዮ ዋጋ ከመኪናው ላይ ቀንሱ፣ ካልሆነ ተዉት።

የቀሩት ጥቂት ናቸው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ አትግዙ። ቁልፍ ስትከፍቱ የቼክ ኢንጂን መብራት ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል፤ አትግዙ። ተዳፋት ላይ ፒ አስገብታችሁ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ስትለቁ መኪናው መንሸራተቱን ከቀጠለም እንዲሁ።

ከገዛችሁት በኋላ ደግሞ ቁልቁለት በፍሪ አትልቀቁት። መንገድ ላይ ከቆመባችሁም በገመድ አታስጎትቱት። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የለም። አብዛኛው ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ጎማ ስለሆነ ፊቱ ከመሬት ተነስቶ ይምጣ።