ሰፊ እግር ላላችሁ የተራራ ሯጮች

ጫማው ከጎን ከጠበባችሁ አንድ ቁጥር ጨምራችሁ አትግዙ። ርዝመቱ ይጨምራል እንጂ ጥበቱ ብዙም አይለቃችሁም፤ ቁልቁለት ላይ እግራችሁ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍራችሁን ያጠቁረዋል። የምትፈልጉት ስፋት ነው። በወንዶች ጫማ የስፋት ምልክቱ 2ኢ (2E) ከሆነ ሰፊ፣ 4ኢ (4E) ከሆነ በጣም ሰፊ ማለት ነው (በሴቶች ዲ (D) ራሱ ሰፊ ነው)። እንደ አልትራና ቶፖ ያሉት የጫማ አምራቾች ደግሞ ጣት አካባቢ ቀድሞውንም ሰፋ አድርገው ነው የሚሠሩት።

ሱቅ ስትገቡ የውስጥ ሶሉን መዝዛችሁ አውጡና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። ትንሿ ጣታችሁ ከጠርዙ ከወጣች ጫማውን መልሱት፣ "ሲለበስ ይሰፋል" የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ስለሚያብጥ ወደ ማምሻው ብትለኩ ይሻላል፤ የምትሮጡበትን ካልሲም ይዛችሁ ሂዱ። ከረጅሟ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። ተረከዝ ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ጥንካሬውስ? ሰፊ እግር ጫማውን ቶሎ የሚቀደው በትንሿ ጣት በኩል፣ እዚያው ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ስስ መረብ ብቻ ከሆነ ዕድሜ የለውም፣ ማጠናከሪያ የተለጠፈበትን ምረጡ። ከሥርም ጎማው ሶሉን በደንብ ይሸፍን፣ ስፖንጁ ከተጋለጠ ድንጋይ ይበላዋል።

ገዝታችሁ ትንሽ ከጠበበ ደግሞ ክሩን ከጣት በኩል ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ዝለሉና ከላይ ጀምራችሁ እሰሩት፤ ፊቱ ይላላል።