«የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ከማለት በፊት፦ ለጀማሪ የጌም ሙዚቃ ሪሚክስ አስተያየት አሰጣጥ

ጀማሪ የሠራውን ሪሚክስ ልኮ «እስቲ ስሙልኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚመለስለት «አሪፍ ነው፣ በርታ» ወይም «ጥሩ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ነው። ሁለቱም አይረዱትም። የሚጎድል ነገር እንዳለ እሱም ያውቃል፤ ያልያዘው የቱ ጋ እንደሆነና ከምን እንደመጣ ነው።

በቅድሚያ አደማመጡ ይስተካከል። ሪሚክሱን ከኦሪጅናሉ በፊት አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ይስሙት፤ ጆሮዎን የያዘውን ሁሉ ከነደቂቃው በአጭሩ ይጻፉ። ከዚያ ኦሪጅናሉን፣ ከዚያ እንደገና ሪሚክሱን። አንዴ በሄድፎን፣ አንዴ በስልክ ስፒከር። ከሌላ ሥራ ጋር የሚያወዳድሩት ከሆነ የሁለቱን የድምፅ መጠን እኩል ያድርጉ፤ የ1 ወይም የ2 ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ጮክ ያለውን የተሻለ ያስመስለዋል። ሠሪውንም ይጠይቁት፦ ረቂቅ ነው ወይስ ያለቀ? ለረቂቅ ስለ ማስተሪንግ (ስለ መጨረሻው የድምፅ ማጥራት) መጻፍ የሁለታችሁንም ጊዜ ማባከን ነው።

ምልክት፦ አስተያየት ተሰጥቶ ምንም አልተቀየረም፣ ወይም አዲሱ ቅጂ ከፊተኛው ባሰ

አንዳንዴ አስተያየቱ የት እንደሚሠራ ስላልተነገረ ነው። አንዳንዴ አሥራ ምናምን ነጥብ በአንድ ጊዜ ተዘርግፎበት ሰውየው ቀላሎቹን ብቻ ነካክቶ ይመለሳል። የባሰው ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ መፍትሄ ሲታዘዝለት ነው። «ቤዙ አይሰማም፣ ጨምረው» የተባለ ሰው ቤዙን 4 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ኪኩ (ትልቁ የከበሮ ምት) ይዋጣል፣ ኪኩንም ይጨምራል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይፈነዳል።

መፍትሄው አራት ነገር የያዘ አጭር ጽሑፍ ነው፦ ደቂቃው፣ የተሰማው፣ የተጠረጠረው ምክንያት፣ ሠሪው ራሱ የሚያረጋግጥበት ሙከራ። ለምሳሌ፦

«ከ0:48 ጀምሮ ኪኩ በገባ ቁጥር ቤዙ ይጠፋል። ሁለቱም 60 ኸርዝ አካባቢ የተጋጩ ይመስለኛል። ኪኩን ሚውት አድርገህ ስማው፤ ቤዙ ከተመለሰ ግጭቱ እዚያ ነው። ከሆነ ቤዙን 60 ላይ 3 ዴሲቤል ቀንሰው፣ ወይም ኪኩ ሲመታ ቤዙን ዝቅ የሚያደርግ ሳይድቼይን ሞክር።»

በአንድ ዙር ከሦስት ነጥብ አይለፉ። ቅደም ተከተሉም አለው፦ መጀመሪያ ቅንብሩ፣ ቀጥሎ የመሣሪያዎቹ ምርጫና አጨዋወት፣ ቀጥሎ ሚክሲንጉ፣ ማስተሪንጉ መጨረሻ። ቅንብሩ ከተቀየረ ትናንት የተለፋበት ሚክስ እንዳለ ይወድቃልና።

ምልክት፦ ሪሚክሱ ኦሪጅናሉን ሆኖ ቀረ፣ ወይም ኦሪጅናሉ ጠፋ

ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ ሠሪው ከኦሪጅናሉ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚለቅ አልወሰነም።

በጣም ከተቀራረበ፣ ሚዲው (ኖታዎቹን የያዘው ፋይል) ተወስዶ ድምፁ ብቻ ተቀይሮ ይሆናል። የድሮ የጌም ዜማዎች ማህደረ ትውስታው ጠባብ ስለነበር አጫጭር ሆነው እንዲዞሩ ነው የተጻፉት፤ ተጫዋቹ እየሮጠ ሲሰማቸው ድግግሞሹ አይታወቀውም፣ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ይሰለቻል። እዚህ ላይ «የራስህን ጨምርበት» አይበሉ። «ሁለተኛው ዙር 1:05 ላይ ሲጀምር ዜማውን ሳትነካ ኮርዶቹን ቀይር» ወይም «ከሦስተኛው ዙር በፊት ዜማው የሌለበት 8 ባር አስገባ» ይበሉት። ይህንን ዛሬ ማታ ከፍቶ ሊሠራው ይችላል።

ኦሪጅናሉ ከጠፋ ደግሞ ሰዓት ይያዙ። ሪሚክሱ 3:20 ሆኖ ዜማው የሚታወቀው 0:40 ብቻ ከሆነ ቁጥሩን ይንገሩት፤ ከ«አይመስልም» የበለጠ ያሳምናል። ብዙውን ጊዜ የተወሰዱት ኮርዶቹ ብቻ ናቸው። ኮርድ ግን ሺህ ዘፈን ይጋራዋል፤ ዜማን የሚያሳውቀው የኖታዎቹ አካሄድና ምታቸው ነው።

የጌም ዜማን ወደ ትዝታ ቅኝት ማዞር የሚወዱ የኛ ልጆችም አሉ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ስለሆነ ኦሪጅናሉ ውስጥ ያሉት ፋ እና ሲ ቦታ ያጣሉ፤ በጎረቤት ኖታ ሲተኩ የዜማው መታወቂያ የነበረው ዝላይ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ምክሩ፦ ኖታው ቢቀየርም ምቱን እንዳለ ተወው፤ ፋ እና ሲ የሚበዙበትን ሐረግ ደግሞ በራሱ ስኬል ትተህ ትዝታውን ለመግቢያና ለመሸጋገሪያ አድርገው። በ4/4 የነበረው ወደ 6/8 ችክችካ ሲመጣም የየሐረጉ ዋና ኖታ ከከበሮው ከባድ ምት ጋር መግጠሙን ይስሙ።

ምልክት፦ ኖታው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ማሽን የሚጫወተው ይመስላል

«ሂዩማናይዝ አድርገው» (ሰው የተጫወተው አስመስለው) ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ከዚያ በፊት ሚዲው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ ከድሮ ጌም በቀጥታ የወጣ ሚዲ የማሽኑን ጠባይ ይዞ ይመጣል። ጃፓን ውስጥ በ1983 እ.ኤ.አ. ፋሚኮም ተብሎ የወጣው፣ ሌላው ዓለም ኤንኢኤስ የሚለው የኒንተንዶ ማሽን አምስት የድምፅ ቻናል ነበረው፦ ሁለት ፐልስ፣ አንድ ትሪያንግል፣ አንድ ኖይዝ፣ አንድ የሳምፕል። ከዚህ ጥበት ሦስት ነገር ወደ ሪሚክሱ ይሻገራል።

ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ በትሪያንግሉ ይጻፍ ነበር፤ ትሪያንግሉ ደግሞ የድምፅ ከፍታ መቆጣጠሪያ የለውም። ስለዚህ በሚዲው ውስጥ የቤዙ ቬሎሲቲ (የየኖታው የምት ጥንካሬ) ሁሉ እኩል ነው። ከፍተኛው 127 ነውና ጠንካራ ምት ላይ ያሉትን ከ100 እስከ 110፣ የቀሩትን ከ70 እስከ 85 እንዲያደርግ ይንገሩት።

ሁለተኛው ኮርድ ነው። ቻናል ስለማይበቃ አቀናባሪዎቹ የኮርዱን ኖታዎች አንድ ቻናል ላይ እጅግ በፍጥነት ያፈራርቋቸው ነበር። ይህ በቺፕ ድምፅ ያምራል፤ ወደ ቫዮሊን ሲገለበጥ ግን ማንም እጅ የማይጫወተው ነገር ይሆናል። በፍጥነት የሚፈራረቀውን መስመር አጥፍቶ ሦስቱን ኖታ አንድ ላይ የተያዘ ኮርድ ማድረግ ነው።

ሦስተኛውን ለማግኘት ጆሮ ይፈልጋል። ማሽኑ ኤኮ ስላልነበረው ሁለተኛው ፐልስ ያንኑ ዜማ ትንሽ ዘግይቶና ዝቅ ብሎ ይደግመው ነበር። ሪሚክስ ሠሪው ይህንን ሳያውቅ በላዩ ዲሌይ (የኤኮ ኢፌክት) ሲጨምር ሁለት ኤኮ ይሆንና ዜማው ይደበዝዛል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሁለተኛውን መስመር ሚውት ማድረግ። ከጠራ፣ ይሰረዝ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ከደረቀ ኖታዎቹን ከ5 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ወዲህና ወዲያ ማድረግ ይረዳል፤ ኪኩ ግን ባለበት ይቆይ። የስኔር ሮል እንደ መትረየስ ከተሰማ አንድ ሳምፕል እየተደጋገመ ስለሆነ ተለዋጭ ሳምፕል ያለው ድራም ይጠቁሙት።

ምልክት፦ ድምፁ ታፍኗል

ጥርጣሬው ከ200 እስከ 500 ኸርዝ መካከል ነው። «ኢኩዋላይዘር ተጠቀም» ከማለትዎ በፊት ስንት መሣሪያ አንድ ኦክታቭ ውስጥ እንደተጨናነቀ ይቁጠሩ፤ ፓዱ (ከኋላ የሚዘረጋው ረጅም ድምፅ)፣ ጊታሩና የፒያኖው ግራ እጅ አንድ ቦታ ከሆኑ አንዱን በአንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግ ከየትኛውም ፕለጊን ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ነው ፓዱን ከ150 ኸርዝ በታች መቁረጥ፣ ሪቨርቡንም ከ300 በታች።

ምልክት፦ ጮክ ይላል ግን ያደክማል

ሊሚተሩ (የድምፁን ጫፍ የሚገድበው ኢፌክት) ነው። በከፍተኛው ቦታ ላይ ስንት ዴሲቤል እየቀነሰ እንደሆነ እንዲያነብልዎት ይጠይቁ። 8 ወይም 10 ካለ ወደ 3 ያውርደው፤ ጫፉም ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል ላይ ይቁም።

ምልክት፦ ሠሪው ተቀየመ ወይም መከራከር ጀመረ

«አንተ ሚክስ አትችልም» እና «1:30 ላይ ዜማው በጊታሩ ተሸፍኗል» የሚሉት ስለ አንድ ችግር ቢሆኑም ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ሥራው ነው። የግል ምርጫም ይለይ፤ ዳብስቴፕ አለመውደድ አስተያየት አይደለም፣ ከተጻፈም «ይሄ የኔ ምርጫ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ምስጋናውም ደቂቃ ይኑረው። «2:10 ላይ ከበሮው ሲወጣና ክራሩ ብቻውን ሲቀር ደርሷል» ማለት ለማባበል አይደለም፤ በሚቀጥለው ቅጂ የትኛውን መንካት እንደሌለበት ይነግረዋል።

አዲሱ ቅጂ ሲመጣ ከቀድሞው ጋር በእኩል ድምፅ መጠን አወዳድረው ቀድሞ ያሉትን ብቻ መጀመሪያ ይመልሱ፦ የቱ ተፈታ፣ የቱ ቀረ። የሚቀሩት የ1 ዴሲቤል ጉዳዮች ብቻ ከሆኑ ይሄን ጨርሶ ሌላ እንዲጀምር ይንገሩት።